ጋሼ ዘርይሁን እና የመቃብሩ ቀለም

የጋሼ ዘርይሁን ልጅ ሶስና አማርኛ ትሰማለች እንጂ አታወራም። እኔ በአማርኛ እጠይቃታለሁ፣ እሷ በእንግሊዝኛ ትመልስልኛለች፤ እንዲህ ሆነን ብዙ ዓመት ተግባብተናል። ባለፈው ወር ግን ሜልቦርን ዳር፣ ላቨርተን ኖርዝ ካለው መጋዘን ከሥራ ወጥቼ መኪናዬ ውስጥ ስገባ ደወለችና፣ «ጸዲ፣ አባዬን ትንሽ አሞታል፣ ክሬጊበርን እኔ ቤት ነይ» አለችኝ። በአማርኛ! በቃ፣ ገባኝ። መርዶ በስልክ አይነገርም፣ «ትንሽ አሞታል» ተብሎ ነው ሰው የሚጠራው የሚለውን ወጋችንን ከየት እንደተማረችው እንጃ። ጋሼ ዘርይሁን አርፈዋል ማለት ነው።

እዚያው መኪና ማቆሚያው ላይ አለቀስኩ። አለቀስኩ እንጂ፣ እውነቱን ልናገር፣ ልቤ አልተሰበረም። ሰማንያን አልፈው፣ በልጃቸው ቤት፣ በእንቅልፋቸው ነው የሄዱት። ከሁሉ በላይ ደግሞ ያንን ሥዕላቸውን በገዛ እጃቸው ሳያበላሹት ነው የሄዱት። ከሦስት ዓመት በፊት ቢሆን ኖሮ ይሄን ማለት አልችልም ነበር። ለዚህ ነው በዕንባዬ መሃል እፎይ ያልኩት፤ የሚታዘበኝ ካለ ይታዘበኝ።

ጋሼ ዘርይሁን ኖርዝ ሜልቦርን ፎቁ ላይ ጎረቤቴ ነበሩ፤ በር ለበር። አዲስ አበባ ሥዕል የተማሩ፣ በደርግ ጊዜ በሱዳን አድርገው ግብፅ የገቡ ሰው ናቸው። ካይሮ ላይ የስደተኛ ወረቀታቸውን ሲጠብቁ እጃቸው ሥራ ፈታ፤ ሉክሶር ሄደው የጥንት መቃብሮችን የሚያጠኑ ፈረንጆች ዘንድ የግድግዳ ሥዕል ቀጂ ሆነው ተቀጠሩ። ሥራው ከሦስት ሺህ ዓመት በላይ በጨለማ የኖረ ግድግዳ ፊት ቁጭ ብሎ፣ የተላጠውንም የተሰነጠቀውንም ሳይጨምሩ ሳይቀንሱ ወረቀት ላይ መቅዳት ነው። ከዚያ ቪዛ ወጣ፣ አውስትራልያ መጡ፣ እኔ የምሠራበት መጋዘን ውስጥ ፎርክሊፍት ነጂ ሆኑ። የስደት ነገር እንዲህ ነው።

ሁለታችንም የጠዋት ሺፍት ስለነበርን በኔ መኪና ነበር የምንሄደው። ሌላው ሰው በጠዋት ዜና ይሰማል፤ እኔ የፈርዖንን ቀለም እሰማለሁ።

«ጸዳለ፣ ቀለም ሁሉ እኩል አይሞትም» ይላሉ ቀበቷቸውን ገና ሳያስሩ። ቀዩ አፈር ነው፤ አፈር ምን ይሆናል? እንዳለ ይኖራል። ጥቁሩ ጥላሸት ነው፣ ካልፈገፈጉት አይለቅም። ሰማያዊው አሸዋና መዳብ አንድ ላይ በእሳት አቃጥለው የሠሩት ነው፤ እርጥበት ሲያገኘው አንዳንዴ ይጠቁራል፣ አንዳንዴ ወደ አረንጓዴ ይሄዳል። ከድንጋይ የሚፈጭ መርዛም ቢጫ ደግሞ አለ፤ እሱ ብርሃን አይችልም፣ እየነጣ እየነጣ ይጠፋል።

«ያን ሁሉ ዘመን በጨለማ ምንም ሳይሆን ኖሮ፣ እኛ መብራት ይዘን ስንገባ ነው ጣጣው የጀመረው። ትንፋሻችን እርጥበት ነው። እርጥበቱ ግድግዳው ውስጥ ያለውን ጨው ይቀሰቅሳል፣ ጨው ሲወጣ ቀለሙን ከነልስኑ ገፍትሮ ይጥለዋል። አይ የሰው ትንፋሽ! አይ የሰው እጅ!»

«ጋሼ፣ ትንፋሽ ካስቸገረማ እርስዎ ዝም ቢሉ ግድግዳው ይድን ነበር» እላቸዋለሁ። ይስቃሉ። ሲስቁም ሲያወሩም አፋቸውን በመዳፋቸው ይከልላሉ። መጋዘን ውስጥ ያሉት ሰዎች ጥርሳቸው የወለቀ ይመስላቸው ነበር። ጥርሳቸውስ ሙሉ ነው፤ መቃብር ውስጥ ግድግዳው ላይ ላለመተንፈስ የለመዱት ነው ሳይለቃቸው የቀረው።

መደብዘዝ ብዙም አያናድዳቸውም ነበር። የሚያበግናቸው እድሳት ነው። አንዱ ቆርቆሮ ቀለም ይዞ መጥቶ የደበዘዘውን «ላሳምረው» ሲል ከሰሙ በቃ፣ ያን ቀን ምሳ አይበሉም። «የደበዘዘ ቀለም እውነቱን ይናገራል፤ የታደሰ ቀለም ይዋሻል» የሚሏት ነገር ነበረቻቸው። እኔ እንኳ የወጥ ቤቴን ግድግዳ ቀለም ልቀባ ስል ፈርቼ ደብቄያቸው ነው የቀባሁት።

ሉክሶር የቀዱትን ሁሉ ፈረንጆቹ ወስደዋል። አንድ ብቻ ለራሳቸው አስቀርተዋል። ማንም ያልፈለገው የአንድ ትንሽ ሹም መቃብር ነበር፤ ከሥራ ሰዓት ውጪ እየገቡ፣ የጥንት ሰዎቹ በተጠቀሙበት በዚያው ዓይነት ቀለም፣ አንዱን ግድግዳ ቀድተውታል። የበር ግማሽ ያህላል። ሰውዬው የሸምበቆ ታንኳ ላይ ቆሞ ዓሣ ይወጋል፣ ሚስቱ ከኋላው ወገቡን ይዛዋለች፣ ከታች ውሃው ሰማያዊ ነው፣ ከላይ ሸምበቆው ጫፍ ላይ ወፍ ተቀምጣለች። ሳሎናቸው ውስጥ ሰቅለውት፣ ብርሃን እንዳያገኘው እንደ ቤተ ክርስቲያን ሥዕል ነጭ መጋረጃ ጋርደውበታል።

መጋረጃው ጉድ አመጣ። አንድ ጊዜ ጋሼን ጉንፋን ይዟቸው፣ ከኛ በላይ ያለው ፎቅ ላይ ከሚኖሩት ከእትዬ ወይንሸት ጋር ልንጠይቃቸው ገባን። እትዬ ወይንሸት ጾም የማይስቱ፣ ጸሎተኛ ሴት ናቸው። ጋሼ ጓዳ ሻይ ሲያፈሉ እሳቸው መጋረጃውን አዩት። ተነሡ፣ አማተቡ፣ ግንባራቸውን አስነክተው ተሳለሙ፤ ከዚያ የልጃቸውን ጉዳይ አንሥተው ረጅም ልመና ያዙ። እኔ ምን ልበል? ጸሎት አቋርጬ «እትዬ፣ ፈርዖን ነው» ልበል? ከንፈሬን ነክሼ ቁጭ አልኩ።

ጋሼ ሻዩን ይዘው ብቅ ሲሉ ክው አሉ። «ኧረ እትዬ ወይንሸት፣ ትንፋሽዎ! ትንፋሽዎ!»

እትዬ ወይንሸት ምን እንዳጠፉ አልገባቸውም። ጋሼ መጋረጃውን ገለጡላቸው።

«የየትኛው ጻድቅ ታሪክ ነው ይሄ?» አሉ፣ የሹሙን ባዶ ደረት እያዩ።

«ጻድቅ አይደለም። የፈርዖን ሹም ነው፣ ዓሣ እየያዘ።»

«ፈርዖን! ያ እስራኤልን ያንገላታው?»

«እሱ አለቃው ነው። ይሄ ምስኪን ደመወዝተኛ ነው።»

«በስመ አብ! ልጄን ለፈርዖን ነው አደራ የሰጠሁት?»

በማግስቱ ጸበል በጠርሙስ ይዘው መጡ። ሥዕሉን ሊረጩት! ጋሼ ሥዕሉ ፊት እጃቸውን ዘርግተው ቆሙ። «እኔን ይርጩኝ! ይሄ ሙጫና ቀለም ነው፣ ውሃ ከነካው አለቀለት!» እትዬ ወይንሸትም አላሳፈሯቸውም፣ ጠርሙሱ እስኪያልቅ እሳቸውን ረጩአቸው። ጉንፋኑ በሦስተኛው ቀን ለቀቃቸው፤ እትዬ ወይንሸት ይሄን እስከ ዛሬ ያወራሉ። ሥዕሉን ግን ተቀየሙት፣ ከዚያ ወዲያ እዚያ ቤት ሲገቡ ጀርባቸውን ሰጥተውት ነው የሚቀመጡት።

ጋሼ ጡረታ ከወጡ ከዓመታት በኋላ ሐምዲ ደወለ። ሐምዲ ሉክሶር አብሯቸው የሠራ ግብፃዊ ነው። የዚያ የትንሹ ሹም መቃብር ውሃ ገብቶት፣ ጨዉ ግድግዳውን ገፍቶ ጥሎታል አላቸው። ሥዕሉ ዱቄት ሆኗል። ድሮ የተነሣው ፎቶግራፍ ጥቁርና ነጭ ነው፤ ቀለሙን የሚያሳይ ነገር በዓለም ላይ ቢኖር የጋሼ ቅጂ ብቻ ነው። እዚሁ ሜልቦርን ያለች የዩኒቨርሲቲ ልጅ ከፋሲካ በኋላ ካሜራና መብራቷን ይዛ መጥታ እንድታነሣው ተስማሙ።

ይደሰታሉ ብዬ ስጠብቅ ሰውዬው እንቅልፍ አጡ። በሬን አንኳኩተው ይጠሩኝና መጋረጃውን ገልጠው፣ «ሰማያዊው ሞቷል፣ አይታይሽም? የረጋ ጭቃ መሰለ እኮ» ይሉኛል።

«ጋሼ፣ ሰማያዊ ነው።»

«ልታጽናኚኝ ነው።»

«ምን በወጣኝ! ሰማያዊ ነው።»

ሶስናም መጥታ አይታ ያንኑ አለች። አላመኗትም። በዚያው ሰሞን አንድ ቀን አብረን ወደ ገበያ ስንወጣ፣ ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ፣ «ቡሽፋየር አለ እንዴ? የት ጫካ ተቃጥሎ ነው ሰማዩ በጭስ ቡኒ የሆነው?» አሉኝ። የእሳቸው ጨዋታ መስሎኝ ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት ዳቦ ላቀብላቸው በራቸውን ስገፋ ሥዕሉ ከግድግዳው ወርዶ ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቷል። ቀለም ተበጥብጧል። ብሩሹ እጃቸው ላይ ነው፣ ጫፉ ርሷል።

«ጋሼ! ምን ሊያደርጉ ነው?»

«ውሃውን ወደ ነበረበት ልመልሰው። ልጅቷ መጥታ ጭቃ አንሥታ ትሂድ? ለዘላለም ጭቃ ነበር ይባል?»

«እርስዎ አይደሉም እንዴ የታደሰ ቀለም ይዋሻል ሲሉ የኖሩት?»

«እሱ የሌላ ሰው ግድግዳ ነው። ይሄ የገዛ እጄ ነው፤ የገዛ እጄን ለማረም ማንንም አላስፈቅድም። ያንን ሰማያዊ አንቺ ሳትወለጂ ነው የማውቀው!»

አጠገቡ ቁራጭ ወረቀት ላይ የሞከሩትን አየሁት። እናቴ ድረሽ! መጋዘን የምናጠልቀውን ሰማያዊ የፕላስቲክ ጓንት ነው የሚመስለው፤ ዓይን ያስለቅሳል። «ይሄ ነው ትክክለኛው?» ብላቸው፣ «ቁርጥ ራሱ!» አሉኝ በሙሉ ልብ።

ያኔ ነው እናቴ ትዝ ያለችኝ። እናቴ ዓይኗን ሞራ ሲጋርደው «ነጠላዬን ሳታጥቢ አጠብኩ አልሽኝ» እያለች ትጣላኝ ነበር። በረኪና ነክሬ ባመጣላት እንኳ ቢጫ ነው ትላለች። ሰማዩ ቡኒ፣ ውሃው ጭቃ፣ ሰማያዊ ሲበጠብጡ ጓንት... የሰውዬው ዓይን ነው እንጂ ሥዕሉ ምንም አልሆነም!

ይሄን ፊት ለፊት ብነግራቸው አይሰሙኝም። ሰዓሊን ዓይንህ ተበላሽቷል ማለት ቀላል ነው እንዴ? «አንድ ነገር ይለመኑኝ» አልኩ። «ሰኞ መነፅር ልሠራ ዓይን መርማሪ ጋ ቡክ አድርጌያለሁ፣ ይሸኙኝ። እስከዚያ አይንኩት።» ለማሳመኛ ብሩሾቹን ሰበሰብኳቸውና ከመኪናዬ ኋላ፣ ዕቃ መጫኛው ቡት ውስጥ ቆለፍኩባቸው።

«የሽማግሌ ዕቃ ትቀሚያለሽ? ነውር አታውቂም?» አሉኝ ደረጃው ድረስ ተከትለውኝ።

«አላውቅም!» ብዬ ሄድኩ።

ሰኞ ወንበሩ ላይ እሳቸውን አስቀመጥኳቸው። ሲገባቸው እንዴት እንዳዩኝ አልነግራችሁም። መርማሪዋ ግን ጊዜ አልፈጀባትም፤ ሁለቱም ዓይን ላይ ሞራ አለ፣ ወደ ቢጫ ሄዷል፣ በቢጫ መስታወት እንደማየት ነው አለቻቸው። ኦፕራሲዮን ያስፈልጋል፣ ወረፋ ግን አለ።

ስንመለስ መኪና ውስጥ ዝም አሉ። እኚያ ወሬኛ ሰው! ቤታችን ልንደርስ ስንል ነው የተናገሩት። «ልነካው ነበር ጸዳለ። አንድ ደቂቃ ዘግይተሽ ቢሆን ነክቼው ነበር። ዕድሜ ልኬን የሰው እጅ፣ የሰው እጅ ስል ኖሬ... ሰዓሊ ዓይኑን ካላመነ ምን ይመን?»

ዓይኔን መንገዱ ላይ ተክዬ ነዳሁ።

ፋሲካ እየቀረበ ወረፋው አልንቀሳቀስ አለ። ጋሼ በየቀኑ ሥዕሉ ፊት ይቆማሉ። አሁን ዓይናቸው እንደሆነ ያውቃሉ፤ ግን ማወቅና ማየት ይለያያል። አንድ ቀን «ዓይኔም ሞራ ይኑረው፣ ሰማያዊውም ሞቶ ይሁን፣ ሁለቱም ቢሆንስ?» አሉኝ። ይሄ ነው የበላቸው። ብሩሾቹን መልሺልኝ ግን አላሉኝም። አንድ ሐሙስ ከሆስፒታል ተደወለ፤ ሌላ ሰው ቀጠሮውን ሰርዟል፣ ነገ መምጣት ትችላላችሁ ወይ ተባለ። ሶስና ከሥራ ቀርታ ወሰደቻቸው።

የቀኝ ዓይናቸው ተሠራ። በማግስቱ መሸፈኛው ሲነሣ እኔም እዚያው ነበርኩ። ጋሼ ዓይናቸውን አርገበገቡና መጀመሪያ ያዩት እኔን ሆነ።

«ጸዳለ! ምነው እንዲህ ተሸበሸብሽ?»

«በእርስዎ ወሬ ነዋ!» አልኳቸው። ሶስና እየሳቀች አለቀሰች።

ቤት ገብተን መጋረጃውን ሶስና ገለጠችላቸው። እኔ ወደ ሥዕሉ ማየት አቅቶኝ ፊታቸውን ነበር የማየው። ቆሙ። ቀረቡ። ከታች ከውሃው ጀመሩ።

«አለ» አሉ። ከዚያ ጮክ ብለው፣ «አለ! እንዳለ አለ!»

አፋቸውን መከለል ረስተው ነበር። ሶፋው ላይ ተቀምጠው እንደ ልጅ ተንሰቀሰቁ፤ ሶስናም አቀፈቻቸው። እኔ ደግሞ ከደረቴ ላይ ጆንያ የወረደልኝ መሰለኝና ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ።

ዕንባቸውን ጠርገው እንደገና ተነሡ። አሁን ወደ ላይ አዩ፣ ወደ ሸምበቆው። ፊታቸው ተለወጠ።

«ወፏን ምን ነካት?»

«ምን ሆነች?»

«ነጣች።»

«ጋሼ፣ ነጭ ወፍ ናት። ሁልጊዜም ነጭ ናት» አልኩ።

የተሠራውን ዓይናቸውን በመዳፋቸው ሸፈኑና ባልተሠራው አዩአት። ከዚያ ያልተሠራውን ሸፍነው በአዲሱ አዩአት። እንደገና ሸፈኑ፣ እንደገና ገለጡ። «በዚህኛው ቢጫ ናት። በዚህኛው ነጭ። ቢጫ ነበረች እኮ! ያንን መርዛም ቢጫ ድንጋይ አስፈጭቼ ነው የቀባኋት። አለቃዬ ይጠፋብሃል ብሎ ለምኖኝ ነበር፣ እምቢ አልኩ። ካይሮ ስመለስ መስኮት ፊት ለፊት ሰቀልኩት፤ መጋረጃውን ያሰብኩት በኋላ ነው። ለካ ድሮ ሄዳለች፣ እኔ ነኝ በቢጫ ዓይኔ ቢጫ እያደረግሁ ያቆየኋት!»

አሁን አለቀልን፣ ሰውዬው ይሰበራሉ ብዬ ጠበቅኩ። ፈራ ተባ እያልኩ፣ «ብሩሾቹ ቡት ውስጥ ናቸው፣ ላምጣቸው?» አልኳቸው።

ጋሼ ሳቁ። የምሬን ነው፣ ከልባቸው ሳቁ።

«ተያቸው። የሰማያዊው መሞት ነበር የሚያስፈራኝ፤ እሱ ደኅና ነው። እሷ የሞተችው በወጉ ነው፣ እንደተባለው ነጣች። ማንም አልነካካትም፣ እኔም አልነካካኋትም። እንዲህ ትሁን። ቢጫ እንደነበረች ብቻ ይነገር።»

የዩኒቨርሲቲዋ ልጅ መጥታ ስታነሣው ነገሯት። እርግጠኛ ነዎት ወይ ስትላቸው፣ «ስቀባት ዓይኔ ወጣት ነበረ» አሏት፤ እሷም መዘገበችው። ለሶስና ነገሯት። ለኔም፣ ሰምቼው እንዳልሰማሁ፣ ደግመው ነገሩኝ። «አንቺም ያዢው» አሉ። ሁለተኛው ዓይናቸውም ተሠራላቸውና ከዚያ በኋላ ሦስት ዓመት ሙሉ የሜልቦርንን ሰማይ ሲያመሰግኑ ኖሩ። አቅማቸው ሲደክም ክሬጊበርን ሶስና ቤት ሲገቡ ሥዕሉም አብሯቸው ገባ።

ለቅሶው ላይ ሶስና መጋረጃውን ገለጠችው፤ የአባቷን ሥራ ሰው ይይላት ብላ ነው። ቤቱ ሞልቶ እትዬ ወይንሸት ያገኙት ወንበር ሥዕሉ ፊት ለፊት ነበር፣ ጀርባ መስጠት አልተመቻቸውም። ቀና ብለው አዩት። ከዚያ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ «ይቺን ያን ጊዜ አላየኋትም ነበር» አሉኝ። «ነጭ ርግብ። የመንፈስ ቅዱስ ምሳሌ። ዘርይሁን ለካ አውቆ ነው የሰቀለው! ተቀይሜው ኖርኩ፣ ይቅር ይበለኝ።» ዕንባቸው ወረደ።

ደስ ብሏቸዋል። ዝም ማለት እችል ነበር። ለቅሶ ቤት ነው፣ ሴትዮዋ ከሟቹ ጋር እየታረቁ ነው፣ እኔን ምን አገባኝ? ግን አፌ እምቢ አለኝ።

«እትዬ፣ ቢጫ ነበረች።»

«ምን?»

«ወፏ። ቀለሟ ለቆ ነው የነጣችው። ሲቀቧት ቢጫ ነበረች።»

«አንቺ የት አየሻት?»

«እኔ አላየኋትም። ያዩዋት ናቸው የነገሩኝ።»

እትዬ ወይንሸት ፊታቸውን አጠቆሩብኝ። ወፏን ደግመው አዩ፣ ረጅም ሰዓት። ከዚያ አዲስ ገብታ በሌላው ወገን አጠገባቸው የተቀመጠችውን ሴት በክርናቸው ነካ አደረጉና፣ በአገጫቸው ወደ ሸምበቆው ጫፍ እያሳዩ፣

«ቢጫ ነበረች» አሏት።